ከኮርድ በፊት ቅኝት

ዛሬ ጊታር ልማር ብሎ የተነሣ ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው አስተማሪ ስልኩ ላይ ያለ ቪዲዮ ነው። ሮቢት ይሁን ቆቦ፣ ወልድያ ይሁን አዲስ አበባ፣ ትምህርቱ ያው ነው፦ ሦስት ጣት እዚህ፣ ሦስት ጣት እዚያ፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉት ኮርዶች (ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ ላይ መግረፍ። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ የጣቱ ጫፍ ይቆስላል፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው መሻገር ያቅተዋል፤ ከሚወዳቸው ዘፈኖች አንዱን እንኳ አሰምቶ መጨረስ አይችልም። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰው ይህን ሲያይ ስንፍና ነው ወይም ተሰጥኦ የለውም ይላል። እኔ ግን ጥፋቱ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ። ያ ትምህርት የተሰናዳው በኮርድ ላይ ለቆመ ዘፈን ነው። ጆሮው በማሲንቆና በክራር፣ በሠርግ ጭብጨባና በልጃገረዶች የሶለል ጨዋታ ዜማ ላደገ የራያ ልጅ መነሻው ሌላ ነው፤ እሱም ቅኝት ነው። ኮርድ ይምጣ፤ ግን ተራውን ጠብቆ።

ማስረጃውን ከራሱ ከጊታሩ እንፈልግ። በተለመደው አቃኛኘት ከወፍራሙ ከስድስተኛው ክር እስከ ቀጭኑ አንደኛ ክር ያሉት ድምፆች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ኢ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ስድስቱ ክሮች የያዙት አምስት ድምፅ ብቻ ነው። እነዚህን አምስቱን ከጂ አስነሥተን ብንደረድራቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ፤ ይህም ሜጀር የምንለው የትዝታ ቅኝት ነው፤ አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። ያንኑ አምስት ድምፅ ከኢ ብናስነሣው ደግሞ ባቲ ማይነር የሚባለውን እናገኛለን። ጊታርን በዚህ መልክ የቃኙት ሰዎች ስለ ወሎ ቅኝቶች ሰምተው አይደለም፤ ግን ሰው ሳይነካው ክሩን ብቻ ቢደረድሩት ትዝታ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተው ልከውልናል። ይህን የታደለ ጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርቱን በማያውቃቸው ድምፆች የሚጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

አያያዙን ቀረብ ብለን እንየው። ሦስተኛውን ክር ምንም ሳይጫኑ መምታት ጂ ይሰጣል፤ እዚያው ክር ላይ ሁለተኛውን ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ሁለተኛው ጋ) መጫን ኤ ይሰጣል። ሁለተኛው ክር ክፍቱን ቢ ነው፤ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ዲ ይሆናል። አንደኛው ክር ክፍቱን ኢ ነው፤ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተመልሶ ጂ፣ ከፍ ያለው ጂ ይመጣል። ትዝታ ከቤቱ ወጥቶ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ከነዚህ ስድስት ድምፆች ሦስቱ ጣት አይፈልጉም፤ ሦስቱም ቢሆኑ በየተራ አንድ አንድ ጣት ነው የሚጠይቁት፤ ሁለተኛውን ፍሬት መሐል ጣት፣ ሦስተኛውን የቀለበት ጣት ይይዙታል። ወፍራሞቹ ሦስት ክሮችም የሚያስቸግሩ አይደሉም፤ ስድስተኛው ላይ ክፍቱና ሦስተኛው ፍሬት፣ አምስተኛውና አራተኛው ላይ ክፍቱና ሁለተኛው ፍሬት ነው። ይህን ከአንድ ኮርድ ጋር እናወዳድረው። የሲ ኮርድ ሦስት ጣቶች በሦስት የተለያዩ ክሮች ላይ በአንድ ቅጽበት አርፈው ጎረቤት ክር ሳይነኩ እንዲቆሙ ይጠይቃል። ጡንቻው ገና ያልጠነከረ፣ ጫፉ ገና ያልደደረ ጣት ይህን እንዲያደርግ ማዘዝ በመጀመሪያው ሳምንት ላይ የመጨረሻውን ፈተና መስጠት ነው። አንድ ጣት አንድ ክርን ከፍሬቱ ብረት ጠጋ ብሎ ሲጫን ግን የሚያስፈልገው ኃይል ትንሽ ነው፤ ክሩ ቢያንዛዝም የትኛው ጣት እንዳጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ኮርድ ውስጥ ብዙ ክር ባንዴ ስለሚጮህ ጥፋቱ ይደበቃል፤ ጀማሪውም የተበላሸውን ነገር ሳያውቅ ልማድ ያደርገዋል።

የጣቱን ነገር እንተወውና ወደ ጆሮው እንምጣ፤ ክርክሬ በዋናነት የቆመው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮው ያዘዘው ጂ፣ ሲ፣ ዲ ከትዝታው ጋር ምን ያህል ይስማማል? የጂ ኮርድ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ነው፤ ሦስቱም በቅኝቱ ውስጥ አሉ። የሲ ኮርድ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ነው፤ ሲ በዚህ ትዝታ ውስጥ የለችም። የዲ ኮርድ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው፤ ኤፍ ሻርፕም የለችም። እንግዲህ ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ዜማ በነዚህ ኮርዶች ሲያጅብ ቅኝቱ የማያውቃቸውን ሁለት ድምፆች እያስገባ ነው። ጆሮው «ይሄ ነገር ልክ አልመጣም» ይለዋል፤ እውነቱን ነው የሚለው። ልጁ ግን ጥፋቱን ከጣቱ ይፈልጋል፤ ይባስ ብሎም ጆሮውን መጠራጠር ይጀምራል። ለአንድ ሙዚቀኛ ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም። ከትዝታው አምስት ድምፆች ብቻ ተነሥተን ሊሠሩ የሚችሉትን ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ብንቆጥር ሁለት ናቸው፤ ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር። ኢ ማይነር በሁለት ጣት የሚያዝ፣ ከኮርዶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ቅኝቱን ያወቀ ልጅ እነዚህን ሁለቱን ራሱ ይደርስባቸዋል፤ ለምን እነሱ እንደሚስማሙና ሌሎቹ ለምን እንደሚያሻክሩም ያውቃል።

ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ሮቢት ደግሞ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ያለች የዚያው የወሎ ምድር ከተማ ናት። ይህን የማነሣው ለአገር ኩራት ብዬ አይደለም። ሥራ ላይ የሚውል ጥቅም ስላለው ነው፤ የአካባቢው ልጅ አብዛኛውን የጆሮ ትምህርት ማንም ሳያስተምረው ጨርሶታል። የቀረው በእጁ ማግኘት ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሦስተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ኤ፣ ሁለተኛው ክር ክፍቱን ቢ፣ አንደኛው ፍሬት ላይ ሲ፣ አንደኛው ክር ክፍቱን ኢ፣ አንደኛው ፍሬት ላይ ኤፍ። እነዚህ አምስቱ ከኤ ሲነሡና ወደ ኤ ሲመለሱ ትዝታ ማይነር ናቸው። አንዲት ድምፅ ሳንቀይር ኢን ቤት አድርገን፣ ዜማውን ከኢ አስነሥተን ወደ ኢ ብንመልሰው ግን አምባሰል ሆኖ ይሰማል። ፍሬቱ ያው፣ ጣቱ ያው፣ ድምፁ ያው፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ለማብራራት የውጭው የሙዚቃ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ይፈጃል። ዜማው የት ሊያርፍ እንደሚፈልግ በደሙ ለሚያውቅ ልጅ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። አንቺሆዬን ለጊዜው አቆየዋለሁ፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች በፍሬት ላይ አልገራ የሚለው እሱ ነው፤ ጀማሪው ሦስቱ እጁ ከገቡ በኋላ ቢደርስበት አይዘገይም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ «ጊታር ያለ ኮርድ ምንድን ነው? ሰው ጊታር የሚገዛው እየዘፈነ ራሱን ሊያጅብ ነው፤ የዛሬ ዘፈንም በኮርድ ነው የሚሠራው» ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ባንድ ውስጥ መግባት የሚፈልግ፣ የዘመኑን ዘፈን ማጀብ የሚፈልግ ሰው ኮርድ ሳያውቅ አይሆንለትም። ነገር ግን የአገራችን ጊታር የመጣበትን መንገድ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ኮርድ ብቻ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1975 የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ያጀበውን አይቤክስ ባንድን፣ በኋላም ከሱ የወጣውን ሮሃ ባንድንና ጊታር ተጫዋቹን ሰላም ሥዩምን እንውሰድ። በዚያ ዘመን ሥራዎች ውስጥ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ከባሱ ጋር እየተጠላለፈ ደጋግሞ የሚመላለስ አጭር መስመር ይዞ ይሄዳል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ዜማውን በአንድ ድምፅ ነው የሚያነሡት። ወደ ኋላ ብንሄድ የአየለ ማሞ ማንዶሊን አለ፤ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ከግሩም መዝሙር ጋር የተሰማው ያ ማንዶሊን ዜማ ነው የሚናገረው። ራስን ማጀብም ቢሆን የግድ በኮርድ አይደለም። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራር ሙሉ ዘፈን ተሸክመዋል፤ ክራሩ ድምፃቸውን እየተከተለ፣ ሲያርፉ እየመለሰ። ስድስት ክር ያለው ጊታር ይህን የማይችልበት ምክንያት የለም።

ከዚሁ አጠገብ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ «እንግዲያው ለምን ክራር አይማርም?» የሚል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ክራር ማግኘት የሚችልና ክራር የሚወድ ልጅ ክራር ይማር፤ ከኔ ክርክር ጋር አይጋጭም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ክራር ላይ እያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ አውታሮቹን መልሶ መቃኘት ያስፈልጋል፤ ጊታር ላይ ግን ጣትን ማዛወር ይበቃል። በአንጻሩ የክራር ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቃኘትን ይማራል፤ የጊታር ተማሪ ግን ይህን ሥራ ለስልኩ ቱነር አሳልፎ ይሰጣል። ቱነሩ ክፉ አይደለም። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ በጆሮ መቃኘት፣ ከዚያ በስልኩ ማረጋገጥ። ስድስተኛውን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ መጫን የአምስተኛውን ክር ክፍት ድምፅ ይሰጣል፤ እንዲህ እያሉ ወደ ታች ነው። ሦስተኛውን ክር ግን አራተኛው ፍሬት ላይ ነው የሚጫኑት፤ ሁለተኛው ክር የሚቃኘው በሱ ነው። ለብቻው የሚጫወት ሰው ከዓለም ሁሉ ጋር እኩል መቃኘትም አይጠበቅበትም፤ ክራር ተጫዋች ለዘፋኙ ድምፅ እንደሚቃኝ ሁሉ ጊታሩም ክሮቹ እርስ በርስ ከተስማሙ ዝቅ ብሎ ቢቃኝ ለጀማሪ ጣት ይለሰልሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የማሲንቆ ጆሮ ካላቸው ሰዎች የሚመጣው ነው። የጊታር ፍሬት አንዱን ኦክታቭ ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ ማሲንቆ ግን ፍሬት የለውም፤ የአዝማሪው ጣት ጭራው ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ፍሬት መካከል የሚገኝ ድምፅ ያወጣል፤ የዜማው ለዛም ግማሹ ያለው እዚያ ነው። እውነት ነው፤ በፍሬት የተያዘ አምባሰል የማሲንቆውን አምባሰል አይሆንም። ይህ ግን ቅኝትን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ኮርድ መግረፍ ከዚያ ለዛ ይበልጥ ያርቃልና። በነጠላ ክር ዜማ የሚጫወት ሰው ክሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ ከፍሬት ወደ ፍሬት መንሸራተት፣ ሳይመታ በግራ ጣቱ ብቻ ድምፅ ማንሣት ይችላል። ኮርድ የያዘ እጅ ይህን ሁሉ ለማድረግ ነጻ ጣት የለውም።

ይህ መንገድ በሌላ አገር ተሄዶበታል፤ ሰውየውም ተራ አይደለም። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ጊታር ከመያዙ በፊት የተማረው ጉርኬል የሚባለውን ባለ አንድ ክር መሣሪያና ንጃርካ የሚባለውን በደጋን የሚጫወቱትን ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የጊኒው ኬይታ ፎዴባ ሲጫወት ካየ በኋላ ጊታርን ያዘ፤ የያዘው ግን የሚያውቀውን ዜማ ወደ ስድስቱ ክሮች ለማሻገር ነበር። ዓለም ሲሰማው የአሜሪካን ብሉዝ አስታወሰው፤ እሱ ግን ሥሩ ኒጀር ወንዝ ዳር ነው እያለ ተከራከረ። ባለ አንድ ክሩን ንጃርካ እኛ በማሲንቆ ስም እናውቀዋለን ብል ብዙ አልሳሳትም። «በቅኝት የጀመረ ልጅ በአምስት ድምፅ ታጥሮ ይቀራል» ለሚሉም መልሱ እዚሁ አጠገብ ነው፤ ያ ከኢ የተነሣው ባቲ ማይነር የብሉዝና የሮክ ጊታር ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠኑት ስኬል ነው። የሮቢቱ ልጅ በባቲ ሲጀምር የውጭውንም በር እየከፈተ ነው።

ቀኝ እጅን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በነሐሴ ቆቦ ላይ ሶለል ስትጫወት ያደገች ልጅ ወይም ሠርግ ላይ ያጨበጨበ ልጅ ምት አያስፈልገውም፤ አለው። ግራ እጁን ክሮቹ ላይ ለስለስ አድርጎ አሳርፎ ድምፃቸውን ያፍን፤ በቀኙም የሚያውቀውን ጭብጨባ ይምታበት። የብዙ ዘፈኖቻችን ምት ለስድስት የሚከፈል ነው፤ በአንደኛውና በአራተኛው ላይ ጠበቅ ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው ለአራት የሚከፈል አገራረፍ ለዚህ አይመችም፤ ጀማሪው «ምቴ ይዛባል» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ስለሚጋጩበት ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ መጥፎ ጊታር ጥሩ ቅደም ተከተልንም ያበላሻልና። ለጀማሪ ጣት የናይለን ክር ከብረት ክር ይሻላል። የናይለን ጊታር ላይ ግን የብረት ክር መግጠም አይገባም፤ ጉተቱ እጥፍ ገደማ ስለሆነ ክሩ የሚታሰርበትን እንጨት ከነማጣበቂያው ሊነቅለው ይችላል። ሲገዙ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሌላ መፈለግ፤ ርካሽ ጊታር ላይ ጣት የሚያቆስለው በአብዛኛው ይህ ክፍተት ነው። የራያ ቆላ ሙቀትም ይታሰብበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር ማጣበቂያው ይላላል፤ እንጨቱ በበጋው ደረቅ አየር ሲኮማተር የፍሬቱ ብረት ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ተጫውቶ ሲጨርስ በሻንጣው ውስጥ፣ ከጣሪያ ራቅ አድርጎ ማኖር ዕድሜውን ያራዝምለታል። ልምምዱም በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሁን፤ እሑድ ብቻ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ከማሸት ይበልጣል፤ ጣትም ጆሮም የሚለምዱት በመመላለስ ነው።

ኮርዱ መቼ ይምጣ ለሚለኝ ሰው መለኪያዬ ይህ ነው፦ ተማሪው አንድ የሚያውቀውን የትዝታ ዜማ ከቪዲዮ ሳያይ በጆሮው ፈልጎ ካገኘ፣ እየዘፈነም ከተጫወተው፣ ጂና ኢ ማይነርን ይጨምር። ትዝታ ማይነርን ሲይዝ ደግሞ ኤ ማይነርና ኤፍ ይመጣሉ፤ ከነዚያ አምስት ድምፆችም የሚሠሩት ሜጀርና ማይነር ኮርዶች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጀማሪን ሁሉ የሚያስመርረው ኤፍ እንኳ ያን ጊዜ አያስፈራም፤ አንድ ጣት ስድስቱንም ክር እንዲጫን ማስገደድ ትቶ አራተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ፣ ሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛውን አንደኛው ላይ ይዞ ሦስቱን ክር ብቻ መምታት ይበቃዋል። ሲ እና ዲ ከዚያ በኋላ የሚመጡ እንግዶች ናቸው፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው እንግዳ ቢቀበል አይጠፋበትም።

በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በየባህል ማዕከሉ ጊታርና ክራር የምታስተምሩ ሰዎች፣ ይህን ሁሉ ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በትዝታ የሚጀምር፣ በባቲና በአምባሰል የሚቀጥል፣ የፍሬቱ ቁጥር በሥዕል የተቀመጠበት ቀጭን የአማርኛ የጊታር መጽሐፍ ጻፉልን፤ ድምፁንም ቀድታችሁ በስልክ ልቀቁት። አስተማሪ በቀላሉ የማያገኝ የሮቢት ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ቪዲዮ የእናንተ ይሁን።